ፔካ 12 ላይ የላፕቶፕ ኪቦርድ ቢበላሽ፦ በገዛ እጅ መቀየር የሚቻለው መቼ ነው?

ከጅቡቲ ከተማ መሃል ተነስቶ ወደ ኢትዮጵያ በሚያቀናው አውራ ጎዳና፣ 12ኛው ኪሎ ሜትር ላይ የሚገኘው ሰፈር ስሙን የወሰደው ከዚሁ ርቀት ነው። ‘ፔ’ እና ‘ካ’ የፈረንሳይኛ ፊደላት ሲሆኑ፣ “የኪሎ ሜትር ነጥብ” የሚለውን የመንገድ ሥራ አገላለጽ በአጭሩ ይወክላሉ። ለኢትዮጵያውያን የከባድ መኪና ሾፌሮች ግን ፔካ 12 ከቁጥር በላይ ነው። ጭነት እስኪወጣ፣ ሰነድ እስኪያልቅና ተራ እስኪደርስ መኪና አቁመው የሚጠብቁበት፣ ጥበቃውም አንዳንዴ በሰዓታት አንዳንዴም በቀናት የሚቆጠርበት ሥፍራ ነው።

አብዛኛው የኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ በጅቡቲ ወደቦች በኩል ያልፋል። ከእያንዳንዱ ኮንቴይነር ጀርባ የሰነድ ክምር አለ፤ ከሰነዱ ጀርባ ደግሞ ኮምፒውተር። ትራንዚተሩ የዕቃ ዝርዝር የሚሞላው፣ የትራንስፖርት ድርጅት ወኪል አዲስ አበባ ከሚገኘው መሥሪያ ቤቱ ጋር የሚጻጻፈው በላፕቶፕ ነው። ረዥሙን ሌሊት ፊልም በማየት የሚገፋው ረዳትም ቢሆን መጽናኛው ይኸው ነው። በዚህ መሃል ወተት የገባበት ትኩስ ሻይ ይደፋል፤ ወይም ያለ አንዳች ምክንያት የ‘ኢንተር’ ቁልፍ አልታዘዝ ይላል። ሥራውም እዚያው ላይ ይቆማል።

አዲስ ላፕቶፕ መግዛት እንደ ቀድሞው ቀላል ውሳኔ አይደለም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.አ.አ በሐምሌ 2024 መጨረሻ የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ተሻግሯል። የጅቡቲ ፍራንክ በአንጻሩ እ.አ.አ ከ1973 ጀምሮ አንድ ዶላር በ177.721 ፍራንክ ሂሳብ እንደተተመነ ነው። በብር እየተከፈለው በፍራንክ ለሚገበያይ ሰው፣ ጅቡቲ ውስጥ የሚገዛ ዕቃ ሁሉ በአንድ ወቅት ዋጋው በእጥፍ የጨመረ ያህል ሆኖበታል።

ደስ የሚለው ነገር፣ የላፕቶፕ ኪቦርድ በብዙ ሞዴሎች ላይ በአንድ የመስቀል ጫፍ ባለው ካቻቢቴና በትዕግሥት ሊቀየር የሚችል ክፍል መሆኑ ነው። ገንዘብ የሚባክነው አብዛኛውን ጊዜ ብሎን ሲፈታ አይደለም፤ ከዚያ በፊት ነው። ያልተበላሸ ኪቦርድ ሲቀየር፣ የማይገጥም ኪቦርድ ሲገዛ፣ አለዚያም በጀማሪ እጅ ሊከፈት የማይገባው ማሽን ሲከፈት።

በእርግጥ ጥፋተኛው ኪቦርዱ ነው?

በዊንዶውስ በሚሠራ ኮምፒውተር ላይ የቀኙ ‘ሺፍት’ ቁልፍ ለስምንት ሰከንድ ያህል ተጭኖ ከቆየ ‘ፊልተር ኪስ’ የተባለው አገልግሎት ይቀሰቀሳል። አገልግሎቱ የተሰናዳው እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ሰዎች ነው፤ አጫጭርና ተደጋጋሚ ንክኪዎችን ሆን ብሎ ችላ ይላል። መጽሐፍ ኪቦርዱ ላይ ተጭኖ ሳይታወቅ ከበራ፣ ጤነኛው ኪቦርድ የሞተ ይመስላል። በአንዳንድ ትናንሽ ላፕቶፖች ደግሞ ‘ነም ሎክ’ ሲበራ የቀኝ እጅ ፊደላት ወደ ቁጥር ይለወጣሉ። ሁለቱም ችግሮች ከኮምፒውተሩ ቅንብር ገብተው በደቂቃ የሚያስተካክሏቸው ናቸው።

ቀጣዩ ፈተና ከጎረቤት ወይም ከሥራ ባልደረባ በተዋሱት የዩኤስቢ ኪቦርድ ይካሄዳል። በውጭ የተሰካው ኪቦርድ ያለችግር እየጻፈ የላፕቶፑ ብቻ ዝም ካለ፣ ጥርጣሬው ወደ ላፕቶፑ ኪቦርድ ይጠጋል። እርግጠኛ ለመሆን ኮምፒውተሩን እንደገና አስነስተው፣ ዊንዶውስ ከመከፈቱ በፊት ወደሚመጣው የ‘ባዮስ’ ገጽ ይግቡ። እዚያ ምንም ፕሮግራም ጣልቃ አይገባም። በዚህ ገጽ ላይ የቀስት ቁልፎችና ‘ኢንተር’ የሚታዘዙ ከሆነ ችግሩ ከፕሮግራም ሊሆን ይችላል፤ እዚያም የማይታዘዙ ከሆነ ግን ችግሩ የአካል ነው።

የይለፍ ቃልዎ ውስጥ ያለ ፊደል ከሞቱት ቁልፎች አንዱ ቢሆንስ? በዊንዶውስ የመግቢያ ገጽ ግርጌ ካለው የተደራሽነት ምልክት ውስጥ በስክሪን ላይ የሚዘረጋ ኪቦርድ አለ፤ በእሱ ጽፎ መግባት ይቻላል። የሞተው አንድ ቁልፍ ብቻ ከሆነ ደግሞ ‘ፓወርቶይስ’ በተሰኘው የማይክሮሶፍት ነጻ ፕሮግራም አማካይነት ሥራውን እምብዛም ለማይነካ ሌላ ቁልፍ መስጠት ይቻላል። መቀየሪያው ክፍል ከአዲስ አበባ ወይም ከዱባይ እስኪመጣ ድረስ ሥራ እንዳይቆም ይህ ይበቃል።

አንድ ምልክት ግን ከሁሉም በላይ ሊፈራ ይገባል። የኪቦርዱ መሃል ወደ ላይ ካበጠ፣ ‘ታችፓዱ’ አልጫን ካለ፣ ወይም የላፕቶፑ ሆድ ጠረጴዛ ላይ አልደላደል ብሎ ከተወዛወዘ፣ የታመመው ኪቦርዱ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ባትሪ ነው። ያበጠ የሊቲየም ባትሪ ሲበሳ ወይም ሲጣመም በእሳት ሊያያዝ ይችላል። አፕል ለላፕቶፖቹ የሚመክረው የማስቀመጫ ሙቀት ጣሪያ 45 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። በጅቡቲ በጋ ጥላ ሥር እንኳ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ መስኮቱ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የቆመ የመኪና ጋቢና ውስጥ ደግሞ ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል። ላፕቶፑን ጋቢና ውስጥ ትቶ መውረድ የለመደ ሰው ይህን ምልክት ማወቅ ይኖርበታል። ያበጠ ባትሪ ያለበትን ማሽን ቻርጅ አያድርጉ፣ አይጫኑት፣ ወደ ባለሙያ ይውሰዱት።

ከቁልፎቹ ሥር ያለው መረብ

የላፕቶፕ ቁልፍ ከላይ ሲታይ አንድ ቁራጭ ፕላስቲክ ነው። ከሥሩ እንደ መቀስ የሚተጣጠፍ ስስ ማጠፊያ፣ በመሃሉ ደግሞ ጣት ሲነሳ ቁልፉን ወደ ላይ የምትመልስ ትንሽ የጎማ ጉልላት አለች። ከእነዚህ ሁሉ ሥር ሦስት ስስ የፕላስቲክ ወረቀቶች ተደራርበዋል። ከላይኛውና ከታችኛው ላይ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ቀለም በመስመር መስመር ታትሟል፤ መካከለኛው ቀዳዳዎች ያሉት መለያያ ነው። ቁልፍ ሲጫን የላይኛው መስመር በቀዳዳው በኩል የታችኛውን ይነካል።

እያንዳንዱ ቁልፍ ለብቻው ሽቦ የለውም። መስመሮቹ እንደ ዓሣ መረብ በረድፍና በዓምድ ተሰናስለዋል፤ ኮምፒውተሩም የትኛው ረድፍ ከየትኛው ዓምድ ጋር እንደተገናኘ አይቶ ቁልፉን ይለያል። ይህን ማወቅ ለምርመራ ይጠቅማል። የሞተው አንድ ቁልፍ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ ከጎማዋ ወይም ከማጠፊያው ሊሆን ይችላል። በአንድ ጊዜ አምስት ስድስት ቁልፎች ዝም ካሉ ግን፣ ተራርቀው የተቀመጡ ቢመስሉም እንኳ፣ የሚጋሩት አንድ መስመር ተቆርጧል ወይም ጠፍጣፋው ገመድ ከመሰኪያው ላልቷል ማለት ነው። የላላ ገመድ ደግሞ በነጻ ይስተካከላል።

ሻይ ጠላት የሚሆነው በውኃው ብቻ አይደለም። ስኳሩና ወተቱ ሲደርቁ ማጠፊያውን ያጣብቃሉ። ከዚያ የከፋው ግን ኤሌክትሪክ እያለፈ ሳለ የገባው እርጥበት የታተሙትን መስመሮች መብላቱ ነው። ጅቡቲ ውስጥ ጨው ያዘለው የባሕር አየር ይህንኑ ቀስ ብሎ ይሠራል፤ በበጋ ‘ካምሲን’ የሚባለው ሞቃት ነፋስ የሚያመጣው አቧራም በቁልፎቹ ሥር ይከማቻል።

ስለዚህ ፈሳሽ ሲደፋ የመጀመሪያዋ ደቂቃ ከሚቀጥለው ሳምንት ሁሉ ትበልጣለች። የኃይል ማብሪያውን እስኪጠፋ ተጭነው ይያዙ፤ ቻርጀሩን ይንቀሉ፤ ባትሪው ከውጭ የሚወጣ ከሆነ ያውጡት። ከዚያም ላፕቶፑን ከፍተው እንደ ድንኳን ይድፉት። ሩዝ ውስጥ መቅበር በየቦታው የሚሰማ ምክር ነው፤ ሩዝ ከተዘጋ ማሽን ውስጥ ስኳር አያወጣም። በፀጉር ማድረቂያ ማሞቅም ፈሳሹን ይበልጥ ወደ ውስጥ ከመግፋት በቀር የሚፈይደው ጥቂት ነው። ጣፋጭ ሻይ የጠጣ ኪቦርድ ቢደርቅም ከቀናት በኋላ እንደገና መታመሙ የተለመደ ስለሆነ፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተነቅሎ ከሥሩ ያለው ማዘርቦርድ መታየት አለበት።

አንድ ሰፈር፣ ሁለት የፊደል አደራደር

እንደ ፔካ 12 ባለ ቦታ ኪቦርድ መግዛት ከሌላ ሥፍራ ይልቅ የሚያደናግርበት ምክንያት አለ። ፈረንሳይኛ ከአረብኛ ጋር የጅቡቲ ብሔራዊ የሥራ ቋንቋ ነው። በፈረንሳይኛ ለሚጽፍ ሰው የተሠራው ኪቦርድ በላይኛው የፊደል ረድፍ መጀመሪያ ላይ ባሉት ፊደላት ‘አዘርቲ’ ይባላል። ሾፌሩ ወይም ትራንዚተሩ ከአዲስ አበባ ይዞት የመጣው ላፕቶፕ ግን አብዛኛውን ጊዜ የእንግሊዝኛው ‘ኩዌርቲ’ ነው። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ያገለገለ ሆኖ የመጣ ከሆነ ደግሞ ከእንግሊዝኛው ጎን የአረብኛ ፊደል ታትሞበት ይገኛል።

በአዘርቲ ላይ ኤ እና ኪው፣ ዜድ እና ደብሊው ቦታ ተለዋውጠዋል። ኤም ከኤን ጎን ተነስታ ከኤል በስተቀኝ ተቀምጣለች። ቁጥር ለመጻፍም ‘ሺፍት’ን መያዝ ያስፈልጋል፤ ቀኑን ሙሉ የኮንቴይነር ቁጥር ሲያስገባ ለሚውል ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ እውነት አለ። ኪቦርድ ወደ ኮምፒውተሩ የሚልከው የታተመበትን ፊደል ሳይሆን የተነካውን ቁልፍ ቦታ ነው። ቦታውን ወደ ፊደል የሚተረጉመው ዊንዶውስ ነው። ስለዚህ በገበያ የተገኘው አዘርቲ ብቻ ከሆነ፣ ገጥሞ ከተሰካ በኋላ በቋንቋ ቅንብር ውስጥ እንግሊዝኛን መርጦ እንደ ኩዌርቲ መጠቀም ይቻላል። ቁልፉን ሳያይ ለሚጽፍ ሰው ልዩነቱ አይታወቅም፤ እያየ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ ፊደል የታተመባቸው ተለጣፊ ወረቀቶች አሉ።

ይህ ለአማርኛ ጸሐፊዎች በተለይ ይጠቅማል። ሰባት ቤት ያላቸውን 33 ፊደላት ብቻ ብንቆጥር እንኳ 231 ሆሄያት ይሆናሉ፤ ኪቦርድ ላይ ያሉት ቁልፎች ግን የዚህ ግማሽ እንኳ አይሞሉም። የአማርኛን የጽሕፈት መኪና በመሥራት ስማቸው የሚነሳው ኢንጂነር አያና ብሩም የተጋፈጡት ይህንኑ ጥበት ነበር። የግዕዝ ፊደል እ.አ.አ በ1999 ‘ዩኒኮድ’ በተሰኘው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ ከገባ ወዲህ፣ በስፋት የምንጠቀምባቸው የአማርኛ መጻፊያዎች ድምፅን በላቲን ቁልፎች ይከተላሉ፦ ‘ለ’ ከኤል ቁልፍ፣ ‘መ’ ከኤም ቁልፍ ይነሳል። ኮምፒውተሩ በእንግሊዝኛ አደራደር እስከተዋቀረ ድረስ የጣት ልማድዎ ባለበት ይቆያል፤ ‘መ’ን ለማግኘት ፈረንሳዮቹ ኤምን ወዳሻገሩበት ሥፍራ መሄድ አይኖርብዎትም።

በቅንብር የማይፈታው የቅርጽ ልዩነት ነው። ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩ ኪቦርዶች ላይ ‘ኢንተር’ አግድም የተኛ ረዥም ቁልፍ ነው። በአውሮፓውያኑ ላይ ሁለት ረድፍ ይዞ የቆመ ሲሆን፣ ከግራው ‘ሺፍት’ አጠገብም አንድ ተጨማሪ ቁልፍ አለ። የላፕቶፑ ክዳን ለእያንዳንዱ ቁልፍ ለየብቻ የተቆረጠ ቀዳዳ ካለው የአንዱ ቅርጽ በሌላው ውስጥ አይገባም። ቁልፎቹ በሙሉ በአንድ ሰፊ ክፍት ቦታ ውስጥ የሚቀመጡ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ሁለቱም ይገጥማሉ።

በዚህ ምክንያት የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ምክር ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው፦ በቅድሚያ አሮጌውን ኪቦርድ ነቅለው ጀርባውን ያንብቡ፣ ከዚያ ይግዙ። የላፕቶፑ ስም ብቻ አይበቃም፤ በአንድ ስም የሚጠሩ ላፕቶፖች በዓመት ልዩነት የተለያየ ኪቦርድ ይይዛሉና። ጀርባው ላይ ከተለጠፈው ወረቀት የሚፈለገው የክፍሉ መለያ ቁጥር ነው፤ ሌኖቮ ‘ኤፍአርዩ’፣ ዴል ‘ዲፒ/ኤን’ ይሉታል። ኤችፒ በመለያው መጨረሻ ከጭረት በኋላ የሚያኖራቸው ሦስት አኃዞች አገሩን ይናገራሉ፤ 001 የአሜሪካ፣ 051 የፈረንሳይ ነው። ፎቶ አንስተው ለሻጩ ቢልኩለት ከብዙ ንግግር ያድናል። የቁልፍ መብራት ያለው ኪቦርድ ሁለተኛ ቀጭን ገመድ ስላለው ይህም ከአዲሱ ጋር መመሳሰሉን ማየት ያሻል።

ከላይ የሚነሳ ወይስ ከሆድ የሚወጣ?

ኪቦርዶች በአገጣጠማቸው በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ዓይነት ከላይ የሚነሳ ነው። እንደ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ420 ያሉ የቆዩ የሥራ ላፕቶፖች ከሆዳቸው በኩል የኪቦርድ ምስል የተቀረጸባቸው ብሎኖች አሏቸው፤ እነሱ ሲፈቱ ኪቦርዱ ከፊት ለፊት ተንሸራትቶ ይነሳል። በቆዩ የዴል ላቲቲውድ ሞዴሎች ደግሞ በቁልፎቹ ዙሪያ ያለው ስስ ክፈፍ በቅድሚያ ይላቀቃል። በእነዚህ ላይ ሥራው ለጀማሪ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል።

ሁለተኛው ዓይነት ከሆድ የሚወጣ ነው። በብዙ ቀጫጭን አዳዲስ ላፕቶፖች ኪቦርዱ ከላይኛው ክዳን ውስጠኛ ገጽ ጋር በደርዘን በሚቆጠሩ የቀለጡ የፕላስቲክ ነጥቦች ተጣብቋል። እሱ ዘንድ ለመድረስ የታችኛው ክዳን፣ ባትሪው፣ ማቀዝቀዣው፣ ማዘርቦርዱም ጭምር ይወጣሉ። ነጥቦቹን ሰብሮ አዲሱን በሙጫ የሚያጣብቅ አለ፤ ውጤቱ ግን ሲጫን የሚረግብ ኪቦርድ ይሆናል። የተሻለው መንገድ ኪቦርዱን ከነክዳኑ ገዝቶ ሌላውን ዕቃ ሁሉ ወደ አዲሱ ማዛወር ነው። ይህ ለመጀመሪያ ጊዜ ካቻቢቴ ለያዘ ሰው የሚመከር አይደለም፤ ለባለሙያ መክፈል ርካሹ ምርጫ ይሆናል።

የዚህ አገጣጠም ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ በአፕል ላይ ታይቷል። ኩባንያው እ.አ.አ በ2015 ‘ቢራቢሮ’ የተሰኘ እጅግ ስስ የቁልፍ አሠራር አስተዋወቀ። ቁልፎቹ በጥቂት አቧራ ይያዙ ነበር፤ ኪቦርዱ ደግሞ ከክዳኑና ከባትሪው ጋር በአንድነት የሚቀየር ነበር። አፕል ቅሬታው ሲበዛ እ.አ.አ በሰኔ 2018 የነጻ ጥገና ፕሮግራም ከፈተ፤ በ2019 መጨረሻም ወደ መቀስ ማጠፊያው ተመለሰ። ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው የእነዚያን ዓመታት ማክቡኮች ሲያይ ቆም ብሎ ማሰቡ አይከፋም፤ በተለይ አቧራ በማይጠፋበት ፔካ 12።

የእርስዎ ላፕቶፕ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለማወቅ መገመት አያስፈልግም። ሌኖቮ፣ ኤችፒና ዴል የብዙ ሞዴሎቻቸውን የጥገና መመሪያ በድረ ገጻቸው በነጻ ያቀርባሉ፤ ‘አይፊክሲት’ የተባለው ድረ ገጽም በፎቶ የታገዙ ማብራሪያዎች አሉት። ፈረንሳይ እ.አ.አ ከጥር 2021 ጀምሮ ላፕቶፕን ጨምሮ በአንዳንድ ዕቃዎች ላይ ከ10 የሚሰጥ ‘የመጠገን ነጥብ’ እንዲለጠፍ አስገድዳለች። ነጥቡ ዕቃው ለመፈታታት ያለውን ቅለትና የመለዋወጫውን ዋጋ ያካትታል። አዘርቲው ላፕቶፕዎ ከፈረንሳይ የመጣ ከሆነ ይህን ነጥብ ፈልጎ ማየት ይቻላል።

ጠረጴዛው ላይ

ፋይሎችዎን በፍላሽ ወይም በሌላ ቦታ አስቀምጠው ሲያበቁ ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ ያጥፉ፤ ክዳኑን ዘግቶ ማስተኛት ማጥፋት አይደለም። ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ ባትሪውን ያውጡ፤ ባትሪው ከውስጥ ከሆነ ክዳኑ እንደተከፈተ በመጀመሪያ የሚላቀቀው የእሱ መሰኪያ ይሁን። ቀጥሎም ማብሪያውን ለ15 ሰከንድ ያህል ተጭነው ውስጡ የቀረውን ኃይል ያስወጡ። ቬንትሌተሩን ለጊዜው ያጥፉ፤ ሙቀቱ ቢከብድም ነፋሱ ትናንሽ ብሎኖችን ይዞ ይሄዳል። ከመጀመርዎ በፊት ያልተቀባ ብረት በእጅዎ ነክተው የሰውነትዎን ኤሌክትሪክ ያራግፉ።

ብሎኖቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። ረዥሙን ብሎን በአጭሩ ቦታ አጥብቆ የሚያስር ሰው ብሎኑን ከሥሩ ባለው ማዘርቦርድ ውስጥ ይሰድደዋል፤ በኪቦርድ ቅየራ ላፕቶፕ ከሚሞትባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። በወረቀት ላይ የላፕቶፑን ሆድ ይሳሉና እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ በፕላስተር ይለጥፉት። አንዳንድ ብሎን ከጎማ እግሮች ሥር ይደበቃል፤ ክዳኑ አልለቅም ካለ ኃይል አይጨምሩ፣ የቀረ ብሎን ይፈልጉ።

ብሎኖቹ ሲወጡ ያለቀ የሞባይል ካርድ ወይም የጊታር መምቻ በኪቦርዱ የላይኛው ጠርዝ አስገብተው የሚይዙትን የፕላስቲክ ጥርሶች አንድ በአንድ ወደ ኋላ ይግፉ። ቢላዋና የብረት ጫፍ ክዳኑን ይቦጭቃሉ። ጠርዙ ሲነሳ ኪቦርዱን ወደ ራስዎ አጥፈው በግንባሩ ያስተኙት እንጂ አይሳቡት። ከሥሩ አጭርና ጠፍጣፋ ገመድ ከማዘርቦርዱ ጋር አስሮታል።

ከዚህ ሥራ ሁሉ ጣት መጠንቀቅ ያለበት እዚህ ላይ ነው። ገመዱ የገባበት መሰኪያ ከሩዝ ፍሬ እምብዛም የማይወፍር የፕላስቲክ መቀርቀሪያ አለው። በአንዳንዱ መቀርቀሪያው እንደ መስኮት ወደ ላይ ይገለበጣል፤ በሌላው ከሁለቱ ጫፎቹ ተይዞ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ይንሸራተታል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ የመጀመሪያውን ኪቦርድ ሲቀይር የሚንሸራተተውን የሚገለበጥ መስሎት በጥፍሩ ፈንቅሎ አንዱን ጆሮ ሰብሮታል። ገመዱን በፕላስተር አስይዞ ሁለት ዓመት ተጠቅሞበታል፤ ላፕቶፑ በተንገጫገጨ ቁጥርም ግማሹ ፊደል ይጠፋበት ነበር። በስልክ ካሜራ አጉልቶ ማየት አሥር ሰከንድ ነው የሚወስደው፤ መሰኪያ መቀየር ግን ብየዳ ነው።

መቀርቀሪያው ሲከፈት ገመዱ ያለ ትግል ይወጣል። አዲሱ ሲገባ የሚያንጸባርቁት መስመሮች እንደ አሮጌው ወደዚያው ፊት መዞራቸውን፣ ጫፉም ሳይጣመም እስከ መጨረሻው መግባቱን ያረጋግጡና መቀርቀሪያውን ይዝጉ። ሻይ ፈስሶ ከነበረ ማዘርቦርዱ ላይ የቀረውን ቡኒ ምልክት ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮልና በለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉ፤ እስኪተንም ይጠብቁ። ሽቶም ቤንዚንም የዚህ አልኮል ምትክ አይሆኑም።

ጥርሶቹንና ብሎኖቹን ከመመለስዎ በፊት ኪቦርዱን ቦታው ላይ ብቻ አስቀምጠው ባትሪውን ይመልሱና ላፕቶፑን ያስነሱ። ባዶ ገጽ ከፍተው ከላይ ወደ ታች እያንዳንዱን ቁልፍ ይሞክሩ፤ ሁለቱንም ‘ሺፍት’፣ የቀስቶቹን፣ የድምፅና የብርሃን ቁልፎችን ጭምር። ጨርሶ ምላሽ ከሌለ አዲሱ ተበላሽቷል ብለው አይደምድሙ፤ አብዛኛውን ጊዜ ገመዱ በስንጥር ያህል ተጣሞ ነው። እንደገና አጥፍተው፣ ባትሪውን አውጥተው፣ ገመዱን ነቅለው ይሰኩት። ሁሉም ሲሠራ ዳግመኛ ያጥፉና ከወረቀቱ ላይ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ወደየቦታቸው ይመልሱ።

ኪቦርዱ ሳይሞት አንድ ቁልፍ ብቻ ወልቆ ከሆነ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ክዳኑን፣ ማጠፊያውንና ጎማዋን ከተመሳሳይ አሮጌ ኪቦርድ ወስዶ መግጠም ይቻላል፤ የማጠፊያው ቅርጽ ግን ከኩባንያ ኩባንያ፣ አንዳንዴም በአንድ ኪቦርድ ላይ ከቁልፍ ቁልፍ ይለያያል። ስለዚህ የነቀሉትን አሮጌ ኪቦርድ አይጣሉት። በሻይ መስመሩ ቢበላም ክዳኖቹና ጎማዎቹ ጤነኞች ናቸው፤ ተመሳሳይ ላፕቶፕ ይዞ ‘ኢንተሩ’ የወለቀበት ሌላ ሾፌር በዚያው የመኪና ሰልፍ ውስጥ ሊገኝ ይችላል።